ዘግይቶ የደረሰው ኳስ አሿሪ፤ ክላሪ ግሪሜት

ስለ ስፖርት ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወደሰው ጉልበት፣ ፍጥነትና ወጣትነት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው ሰው ግን ከሦስቱ አንዱም አልነበረውም። ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ ራሱ መላጣ ነበር፤ ለአገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍም 33 ዓመት አልፎት ነበር። ይህም ሆኖ በክሪኬት ታሪክ በአገሮች መካከል በሚደረግ ግጥሚያ 200 ዊኬት በማግኘት የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ። ሙሉ ስሙ ክላረንስ ቪክተር ግሪሜት ሲሆን፣ ዓለም የሚያውቀው ክላሪ ግሪሜት በሚለው ነው።

ታሪኩ ሊጠና የሚገባው ስለ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ይህ ሰው ባንድ ዘመቻ 44 ዊኬት ካገኘ በኋላ፣ ይኸውም ከሥራው ሁሉ የሚበልጠውን በሠራ ማግስት፣ ለአገሩ ዳግመኛ አልተመረጠም። ስለ ምን? ይህ ጥያቄ በአውስትራሊያ የክሪኬት ወዳጆች ዘንድ ከ80 ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። ጸሐፊውም የራሱን ሐሳብ በቦታው ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት ግን ስለ ጨዋታውና ስለ ጥበቡ መናገር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሪኬት ለብዙዎቻችን እንግዳ ጨዋታ ነው። ሁለት ቡድኖች እያንዳንዳቸው 11 ሰዎች ይዘው ይገጥማሉ። በሰፊው ሜዳ መካከል 20 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ሣሩ እስከ መሬት ታጭዶ በሩሎ የተደለደለ ጠባብ መደብ አለ፤ ይህ ፒች ይባላል። በሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት እንጨት ይተከላል፤ ዊኬት የሚባለው ይህ ነው። ካንዱ ቡድን ወርዋሪ ይቀርባል፤ ከሌላው ቡድን ሰፊ ዱላ የያዘ መቺ ይቆምለታል። መቺው ዊኬቱን እየጠበቀ፣ ኳሱን እየመታ፣ ከወዲያ ወዲህ በመሮጥ ነጥብ ይሰበስባል። ወርዋሪው ደግሞ መቺውን ከሜዳ ለማስወጣት ይደክማል። መቺው ኳሱ ዊኬቱን ቢመታበት ይወጣል፤ የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ቢቀለብበት ይወጣል፤ ወደ ዊኬቱ የሚሄደውን ኳስ በእግሩ ቢያግድም ይወጣል። እንደዚሁም ለመምታት ከመስመሩ ወደ ፊት ወጥቶ ኳሱን ቢስተው፣ ከበስተኋላው የቆመው ዊኬት ጠባቂ ኳሱን ቀልቦ ዊኬቱን ያፈርስበታል። ወርዋሪው አንድ መቺ ባስወጣ ቁጥር አንድ ዊኬት አገኘ ይባላል። ችሎታው የሚመዘነውም ስንት ዊኬት እንዳገኘና ለእያንዳንዱ ዊኬት በአማካይ ስንት ነጥብ እንደከፈለ ተቆጥሮ ነው። በአገሮች መካከል የሚደረገውና ብዙ ቀን የሚፈጀው ግጥሚያ ቴስት ይባላል።

ወርዋሪ አልን እንጂ ሕጉ ክርንን አጥፎ እንደ ድንጋይ መወርወርን አይፈቅድም። ኳሱ የሚለቀቀው ክንድ ተዘርግቶ ከትከሻ ሲዞር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከመቺው ፊት አንድ ጊዜ መሬት ላይ ነጥሮ ይደርሳል። ጨዋታው ሁሉ ያለው በዚህች አንዲት ንጥረት ላይ ነው። ፈጣኑ ወርዋሪ ከሩቅ ተንደርድሮ መጥቶ ባለ በሌለ ጉልበቱ ይለቃል፤ መቺው ለማሰብ ጊዜ እንዳያገኝ ነው። አሿሪው ግን ጥቂት ተራምዶ ኳሱን ቀስ አድርጎ ይሰደዋል፤ መቺው ለማሰብ ጊዜ እንዲያገኝ፣ አስቦም እንዲሳሳት ነው።

ግሪሜት ከአሿሪዎች ወገን፣ ከእነርሱም መካከል በእጅ አንጓ ከሚያሾሩት ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሰው ዋና መሣሪያ ሌግ ብሬክ የሚባለው ኳስ ነው። ወርዋሪው ኳሱን በሚለቅበት ቅጽበት አንጓውንና ጣቶቹን ይጠመዝዛል፤ ኳሱም መሬት ነክቶ ሲነሣ፣ በቀኝ እጁ ከሚመታው ሰው እግር በኩል ተነሥቶ ከእርሱ ወደሚርቅበት አቅጣጫ ይታጠፋል። የዚህ ተቃራኒ ጉግሊ ነው፤ እጁ ለዓይን ያው ሌግ ብሬክ ይመስላል፤ ኳሱ ግን ወደ መቺው ይታጠፋል። ጉግሊን የፈለሰፈው በርናርድ ቦዛንኬ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ሐሳቡን ያገኘው ከጠረጴዛ ጨዋታ ነበር፤ በማዶ የተቀመጠው ሰው እንዳይቀልበው ኳስን በጠረጴዛ ላይ አጣሞ ማንጠር ሲለማመድ ቆይቶ፣ በ1900 በግጥሚያ ሜዳ ሞከረው። ሦስተኛው ቶፕ ስፒነር ወደ ፊት እየተንከባለለ የሚበር ኳስ ነው፤ አይታጠፍም፤ ነገር ግን መቺው ከገመተው ቦታ ቀድሞ ይወርዳል።

ስለ ምን ቀድሞ ይወርዳል? የሚሾር ኳስ በአየር ውስጥ ሲያልፍ በዙሪያው ያለውን አየር ወዳንድ ወገን ያዘነብለዋል፤ አየሩም በአጸፋው ኳሱን ወደ ተቃራኒው ወገን ይገፋዋል። ይህን ነገር በ19ኛው መቶ ዓመት ጉስታቭ ማግነስ የተባለ የጀርመን ሊቅ ስላጠናው ዛሬም በስሙ ይጠራል። ኳሱ ወደ ፊት ሲሾር ግፊቱ ወደ ታች ነው፤ ወደ ኋላ ሲሾር ግፊቱ ወደ ላይ ነው፤ በጎኑ ሲሾርም ወደ ጎን ይስበዋል። የፊዚክስ ተማሪዎች ቀመሩን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። የቀረነው ሰዎች ግን አንዲት ነገር እናስታውስ፤ ወደ ኋላ እየሾረ የሚበር ኳስ ከተገመተለት ቦታ አልፎ ይወድቃል። ግሪሜት በሽምግልናው ስም ያተረፈበት ኳስ ይህን መሠረት ያደረገ ነው።

ግሪሜት የተወለደው በ1891 በፈረንጆች የገና ዕለት በኒው ዚላንድ በደኒደን ነው፤ ያደገው ግን በዌሊንግተን ነው። በልጅነቱ እንደ ማንኛውም ልጅ በፍጥነት መወርወር ይወድ ነበር፤ ፍጥነቱን ትቶ ማሾርን እንዲይዝ ያበረታታው የትምህርት ቤት አስተማሪው ነው። እንጀራውን የሚያገኘው በታፔላ ጻፊነት ነበር። ይህ ሥራ የማይናወጥ እጅና መስመር የሚለካ ዓይን የሚጠይቅ ስለሆነ፣ በኋላ የታወቀበት ጥንቃቄ ከብሩሽ የተማረው ይሆን እያልን እንጠይቃለን።

በዚያን ጊዜ ኒው ዚላንድ ከቴስት ተጫዋች አገሮች አልተቆጠረችም ነበር፤ የመጀመሪያውን ቴስት የተጫወተችው በ1930 ነው። እንግዲህ ትልቅ ደረጃ የሚመኝ ወጣት ባሕር መሻገር ነበረበት። ግሪሜት በ1914 ወደ ሲድኒ ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ ትልልቆቹ ውድድሮች ተቋረጡ። ሲድኒ ላይ ሦስት ዓመት ያህል ለመንደር ክለብ ከተጫወተ በኋላ በ1917 ወደ ሜልቦርን ሄደ። የቪክቶሪያ ክፍለ አገር ቡድን ግን እምብዛም አልፈለገውም፤ ለዓመታት ባጠገባቸው ሲኖር ያሰለፉት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በ1924 ተስፋ ሳይቆርጥ ጓዙን ጠቅልሎ አደላይድ ገባ። ያን ጊዜ ዕድሜው 32 ነበር። ብዙ ተጫዋች በዚህ ዕድሜ ጫማውን የሚሰቅልበትን ምስማር ይፈልጋል።

በሜልቦርን የጠፋ የሚመስለው ጊዜ ግን አልጠፋም። ግሪሜት በቤቱ ጓሮ የልምምድ ፒች ሠርቶ ብቻውን ይወረውር ነበር። ብቻውን ማለት ልክ አይሆንም፤ የተወረወሩትን ኳሶች እየለቀመ እንዲያመጣለት ያስተማረው ውሻ ነበረው። ተመልካች የለም፤ ጭብጨባም የለም፤ አንድ ታፔላ ጻፊ ከሥራ መልስ አንዱን ኳስ ባንድ ቦታ ላይ መቶ ጊዜ ይጥላል፤ ውሻው መቶ ጊዜ ይመልሳል። እኛ በ20 ዓመታችን ፈተና ካለፈን ዓለም አለቀች የምንል ሰዎች ይህን ጓሮ ልብ ብንለው አይከፋም።

አደላይድ ከገባ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። የካቲት 27 ቀን 1925 አውስትራሊያና እንግሊዝ በሲድኒ አምስተኛውን ቴስት ሲጀምሩ ግሪሜት ከተሰላፊዎቹ አንዱ ነበር። በመጀመሪያው ዙር በ45 ነጥብ 5 ዊኬት፣ በሁለተኛው ዙር በ37 ነጥብ 6 ዊኬት አገኘ። በጠቅላላው በ82 ነጥብ 11 ዊኬት ማለት ነው። አውስትራሊያም በ307 ነጥብ አሸነፈች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለተሰለፈ ሰው ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን ሰውዬው ለዚህ ቀን ከአሥር ዓመት በላይ ሲዘጋጅ እንደኖረ ለሚያውቅ ሰው መገረሙ ይቀንሳል።

የአወራወሩን ጠባይ ለመረዳት ከአርተር ማይሊ ጋር ማነጻጸር ይረዳል። ማይሊም የአንጓ አሿሪ ነበር፤ በ1926ም ሁለቱ አብረው ወደ እንግሊዝ ዘምተዋል። ማይሊ ኳሱን እጅግ አብዝቶ ያሾራል፤ መቺው ጥቂት ነጥብ ቢወስድበት ግድ የለውም፤ እጀ ሰፊ ነው። ግሪሜት በተቃራኒው ቆንቋና ነበር፤ አንዲት ነጥብ እንኳ ስትወሰድበት ከኪሱ የወጣች ያህል ይቆጨዋል ይባላል። ክንዱን ዝቅ አድርጎ ወደ ጎን እያዞረ፣ መላጣውን የሚሸፍንበትን ቆቡን እንዳጠለቀ፣ ኳሱን ደጋግሞ በፈለገበት ቦታ ይጥላል። መቺው ተጨንቆ፣ መላ አጥቶ፣ በመጨረሻ ወደ ፊት ይወጣል፤ ያን ጊዜ ኳሱ ይታጠፍበታል፤ ዊኬት ጠባቂው በርት ኦልድፊልድም ዊኬቱን ያፈርስበታል። ኦልድፊልድ በቴስት ዘመኑ በዚህ መንገድ ያስወጣቸው መቺዎች 52 ናቸው፤ በቴስት ይህን የሚያህል የለም። ከ52ቱ 28ቱ በግሪሜት ኳስ የወጡ ናቸው። የሁለቱ አሿሪዎች ሒሳብም ልዩነቱን ይመሰክራል፤ ማይሊ ለእያንዳንዱ የቴስት ዊኬት በአማካይ 33.91 ነጥብ ሲከፍል ግሪሜት የከፈለው 24.21 ነው።

በ1930 በእንግሊዝ የተደረገው ዘመቻ ስሙን ካነሡት ሁሉ ይበልጣል። በግንቦት ወር በሼፊልድ ከተማ ከዮርክሻየር ጋር ሲጋጠሙ ባንድ ዙር አሥሩንም መቺዎች እርሱ ብቻውን አስወጣቸው፤ የከፈለው 37 ነጥብ ብቻ ነበር። በአምስቱ ቴስቶች 29 ዊኬት አገኘ፤ አውስትራሊያም 2 ለ 1 አሸነፈች። ነገር ግን በዚያው ዘመቻ ዶናልድ ብራድማን የሚባል የ21 ዓመት ወጣት በአምስት ቴስቶች 974 ነጥብ ሰበሰበ፤ ጋዜጣውም ሕዝቡም ከእርሱ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እንግሊዞችን እየመነጠረ የብራድማንን ነጥብ ለድል ያበቃው ሰው በጥላው ሥር ቀረ። የሁለቱ ሰዎች ታሪክ በኋላ በሌላ መልክ ስለሚገናኝ ይህን ልብ እንበል።

የሚቀጥሉት ሁለት የአገር ቤት ዘመቻዎች፣ ከዌስት ኢንዲስና ከደቡብ አፍሪካ ጋር የተደረጉት፣ ለእያንዳንዳቸው 33 ዊኬት አስገኙለት። ከዚያ የ1932/33 የእንግሊዝ ዘመቻ መጣ፤ የእንግሊዝ ፈጣን ወርዋሪዎች የአውስትራሊያን መቺዎች ሰውነት ዒላማ ያደረጉበትና በሁለቱ አገሮች መካከል ጠብ ያስነሣው ያ ዘመቻ ነው። በዚህ ዘመቻ ግሪሜት አልቀናውም፤ በሦስት ቴስት 5 ዊኬት ብቻ አገኘና ከቡድኑ ተወገደ። ዕድሜው 41 ነበርና አበቃለት ተባለ። ይሁን እንጂ በ1934 ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ሄዶ 25 ዊኬት አገኘ። ጓደኛው ቢል ኦራይሊ፣ ቁመተ ረጅሙና ቁጡው አሿሪ፣ 28 አገኘ። ሁለቱ ከሁለት ጫፍ እየተቀባበሉ መቺዎቹን መተንፈሻ ሲያሳጧቸው አውስትራሊያ አሸነፈች። እንግዲህ አንድ ጊዜ አበቃለት የተባለ ሰው አለማብቃቱን በሥራው አሳይቷል ማለት ነው።

ፍሊፐር የተባለው ኳስ የግሪሜት የራሱ ፈጠራ ነው። ሌሎቹ የአሿሪ ኳሶች ከእጅ የሚወጡት አንጓው ሲጠመዘዝ ነው፤ ፍሊፐር ግን በአውራ ጣትና በሚቀጥሉት ሁለት ጣቶች መካከል ተጨምቆ ይፈናጠራል። የብርቱካን ፍሬ በጣቶቹ ጨምቆ ያስፈነጠረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ኳሱ ወደ ኋላ እየሾረ ይበራል፤ ስለዚህ ከላይ እንዳየነው አየሩ ወደ ላይ ይደግፈዋል። መቺው ሲያየው ከሩቅ የሚወድቅና ከፍ ብሎ የሚነሣ ለስላሳ ኳስ ይመስለዋል፤ ደስ ብሎት ወደ ኋላ ይሸሽና በኃይል ሊመታው ዱላውን ያነሣል። ኳሱ ግን ከገመተው ቦታ አልፎ ቅርብ ይወድቃል፤ ዝቅ ብሎ እየተንሸራተተ በዱላው ሥር ይገባና ወይ ዊኬቱን ወይ እግሩን ያገኘዋል። ግሪሜት ይህን ኳስ ወደ ግጥሚያ ከማውጣቱ በፊት ለዓመታት በልምምድ አሸው።

አንድ ችግር ግን ነበረበት። ኳሱ ሲፈናጠር ጣቶቹ ይጮኻሉ፤ ንቁዎቹ መቺዎችም ድምፁን ሰምተው ፍሊፐር መምጣቱን ማወቅ ጀመሩ። ግሪሜት ምን አደረገ? ተራውን ሌግ ብሬክ በቀኝ እጁ በሚለቅበት ጊዜ የግራ እጁን ጣቶች ያስጮህ ጀመር። ከእንግዲህ ወዲህ ድምፁ ለመቺው ምን ይጠቅመዋል?

በ1935/36 አውስትራሊያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዘመተች። ብራድማን በጤና ምክንያት አልሄደም፤ የቡድኑ አለቃ ቪክ ሪቻርድሰን ነበር። ግሪሜት በዘመቻው መካከል 44 ዓመት ሞላው። በአምስቱ ቴስቶች ያገኘው ዊኬትም 44 ሆነ፤ ለእያንዳንዱ የከፈለው 14.59 ነጥብ ብቻ ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቴስቶች፣ በኬፕ ታውን 10፣ በጆሃንስበርግ 10፣ በደርባን 13 ዊኬት አገኘ። በዚሁ ዘመቻ የእንግሊዛዊውን የሲድኒ ባርንስን የ189 ዊኬት ክብረ ወሰን አለፈ፤ በጆሃንስበርግም በ36ኛው ቴስቱ 200 ደረሰ። አውስትራሊያ 4 ለ 0 አሸነፈች። ደርባን 37ኛው ቴስቱ ሲሆን ጠቅላላ ዊኬቱን 216 አደረሰው። መጨረሻውም ይኸው ሆነ።

ከወራት በኋላ የእንግሊዝ ቡድን ወደ አውስትራሊያ ሲመጣ ግሪሜት በስም ዝርዝሩ ውስጥ አልተገኘም። በዚያን ጊዜ ብራድማን የአውስትራሊያ ቡድን አለቃና ከመራጮቹ አንዱ ነበር፤ መኖሪያውንም ወደ አደላይድ አዛውሮ ስለነበር ግሪሜትን በክፍለ አገሩ ቡድን ውስጥ በቅርብ ያየው ነበር። በግሪሜት ቦታ የተመረጠው በዕድሜ ከእርሱ ብዙ የሚያንሰው ፍራንክ ዋርድ ነው፤ እርሱም የአደላይድ አሿሪ ነበር። ኦራይሊ ጓደኛው በመቅረቱ እጅግ ተቆጣ፤ ጥፋቱንም በብራድማን ላይ አድርጎ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ በአደባባይ ሲናገር ኖረ።

በመራጮቹ ወገን የሚቀርበው ክርክር ከንቱ አይደለም። የእንግሊዝ መቺዎች ከደቡብ አፍሪካዎቹ የበረቱ ነበሩ፤ በ45ኛ ዓመቱ ያለ ሰው በአውስትራሊያ ሙቀት አምስት ረጃጅም ቴስቶች ይችል ይሆን ብሎ መጠራጠርም ያስኬዳል፤ ለወደፊቱ ወጣት ማዘጋጀትም የመራጭ ግዴታ ነው። ደግሞም ሽማግሌው በፍሊፐሩ ላይ አብዝቶ ተደግፎ ሌግ ብሬኩ ደክሟል የሚል አስተያየት ነበር። ከሁሉ በላይ አውስትራሊያ በ1936/37 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቴስቶች ተሸንፋ የቀሩትን ሦስቱን በማሸነፍ ዘመቻውን ወስዳለች። ያሸነፈን መራጭ ተሳስተሃል ማለት ይከብዳል።

ይሁን እንጂ ጸሐፊው ከኦራይሊ ጋር ይስማማል። አንደኛ ነገር፣ ዕድሜ በራሱ እንቅፋት ከሆነ አውስትራሊያ ራሷ በርት አይረንሞንገርን በ1933 እንዴት አሰለፈችው? ይህም አሿሪ ነበር፤ የመጨረሻ ቴስቱን ሲጫወት 50 ዓመት ሞልቶት ነበር። የጠቋሚ ጣቱም ጫፍ በልጅነቱ ተቆርጧል። ሁለተኛም፣ ዋርድ በጠቅላላው 4 ቴስት ተጫውቶ 11 ዊኬት ብቻ አገኘ፤ ለእያንዳንዱም ከ52 ነጥብ በላይ ከፈለ። ይህ የኋላ ማስረጃ ነው፤ መራጮቹ አስቀድመው ሊያውቁት አይችሉም ነበር ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን አስቀድመው የሚያውቁት ነገር ነበር፤ ይኸውም ከጥቂት ወራት በፊት የተገኙት 44 ዊኬቶች ናቸው። በ1938 ወደ እንግሊዝ ሲዘመት ይህ ሁሉ ታይቶ ሳለ ግሪሜት አሁንም ተተወ። በዚያ ዘመቻ በለንደን በኦቫል ሜዳ የሆነውን የክሪኬት አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንግሊዝ 7 ሰው ወጥቶባት 903 ነጥብ ሰበሰበች፤ ሌን ሃተን ብቻውን 364 አስቆጠረ። ፍሊትዉድ ስሚዝ የተባለው የአውስትራሊያ አሿሪ 298 ነጥብ ከፍሎ አንድ ዊኬት አገኘ። ኦራይሊ 178 ከፍሎ ሦስት አገኘ። በዚያ ቀን ግሪሜት ቢኖር እንግሊዝን ያቆማት ነበር አንልም፤ ፒቹ ለወርዋሪ ምንም የማይረዳ ነበር። ነገር ግን 903 ነጥብ በሚሰበሰብበት ሜዳ ላይ ቆንቋና ሰው እንደሚፈለግ ለማወቅ መራጭ መሆን አያስፈልግም።

ስለ ሌግ ብሬኩ መድከም የሚተረክ አንድ ወሬ አለ። በ1937 ለግሪሜትና ለሪቻርድሰን ክብርና መደጎሚያ በአደላይድ ግጥሚያ ተዘጋጀ፤ ገንዘቡ የሚገኘው ከመግቢያ ስለሆነ ሕዝብ ብራድማንን ለማየት በማግስቱ እንዲጎርፍ ታስቦ ነበር። ግሪሜት ግን ቀኑ ሊመሽ ሲል ብራድማንን በሌግ ብሬክ አስወጣው። ገቢው መቀነሱ አይቀርም፤ ሰውዬው ግን በኪሳራው እንዳልተከዘ ይነገራል።

ለክፍለ አገሩ መጫወቱን አላቋረጠም። በ1939/40 የጨዋታ ወራት በ48 ዓመቱ ከ70 በላይ ዊኬት አገኘ። የአውስትራሊያ ክፍለ አገሮች በሚወዳደሩበት በሼፊልድ ሺልድ ያገኛቸው 513 ዊኬቶች እስካሁን የደረሰባቸው የለም፤ ይህንንም ያደረገው አብዛኛውን ጊዜ ለመቺ በሚያደላው በአደላይድ ሜዳ ላይ ነው። በከፍተኛ ደረጃ ግጥሚያዎች ሁሉ ያገኘው 1,424 ነው፤ በእንግሊዝ የክፍለ አገር ውድድር ካልተጫወቱ ወርዋሪዎች መካከል ይህን ያህል ያገኘ የለም። የ216ቱ የቴስት ክብረ ወሰን እስከ 1953 ቆይቶ በእንግሊዛዊው አሌክ ቤድሰር ተሰበረ። በ36 ቴስት 200 ዊኬት የመድረሱ ፍጥነት ግን ሌላ 65 ዓመት ተጨማሪ ኖረ፤ የፓኪስታኑ ያሲር ሻህ፣ እርሱም የአንጓ አሿሪ፣ በታኅሣሥ 2018 በ33 ቴስት እስኪያልፈው ድረስ ማንም አልደረሰበትም።

ግሪሜት ግንቦት 2 ቀን 1980 በአደላይድ በ88 ዓመቱ አረፈ። በ1996 የአውስትራሊያ ክሪኬት የዝነኞች መዝገብ ሲቋቋም በመጀመሪያ ከገቡት አሥር ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር፤ ከአሥሩ ሁለቱ ደግሞ ኦራይሊና ብራድማን ናቸው።

ፍሊፐሩስ የት ደረሰ? ግሪሜት ዕውቀቱን የሚሰስት ሰው አልነበረም፤ ነጥብ እንጂ። በ1930 ስለ ጥበቡ መጽሐፍ አሳትሟል። ፍሊፐሩን ከእርሱ የተማረው የአደላይዱ ብሩስ ዱላንድ ነው፤ ዱላንድ በሦስት ቴስት ብቻ ተሰልፎ በኋላ በእንግሊዝ ለኖቲንግሃምሻየር ተጫወተ። በ1956 የአውስትራሊያ ቡድን እንግሊዝ በነበረበት ጊዜ ዱላንድ ለሪቺ ቤኖ አሳየው። ቤኖ ያን ጊዜ ገና ስሙ ያልጸና አሿሪ ነበር፤ በ63 ቴስት 248 ዊኬት አግኝቶ ጨረሰ። ከብዙ ዓመት በኋላም ጃክ ፖተር የተባለው አሠልጣኝ በአደላይድ የክሪኬት አካዳሚ ከተማሪዎቹ መካከል ለአንዱ ወፍራም ወጣት ይህንኑ ኳስ አስተማረው። ወጣቱ ሼን ዋርን ነበር፤ በ145 ቴስት 708 ዊኬት ያገኘው። ዋርን በ1998 ትከሻው ከተቀደደ በኋላ ግን ፍሊፐሩ እንደ ቀድሞው አልታዘዘለትም፤ አልፎ አልፎ ብቻ ይሞክረው ነበር።